እርማት፦ ካሸር ስለ ሒሳብ ጉድለት መጠየቅ አለባት

ወንድሜ፣ ጅማ ውስጥ የእንስሳት መድኃኒትና መኖ መሸጫ ለካሸርነት ለምትፈተነው ልጅ «እንስሳ እወዳለሁ በይ፣ ይበቃል። ስለ ጉድለት እንዳትጠይቂ፣ ሌባ ትመስያለሽ። ከጎደለ ደመወዝሽ በሙሉ ይቀራል፣ ሕጉ ነው» ብለሃታል። በቅንነት እንደሆነ ይገባኛል፤ ሕጉ ግን እንደዚያ አይልም።

በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት አሠሪ ደስ ባለው ጊዜ ደመወዝ አይቆርጥም። ሕግ፣ የኅብረት ስምምነት፣ የሥራ ደንብ፣ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም የሠራተኛው የጽሑፍ ስምምነት ያስፈልገዋል። ያም ሆኖ በአንድ ጊዜ የሚቆረጠው ከወር ደመወዝ አንድ ሦስተኛ አይበልጥም። ደመወዟ 6,000 ብር ቢሆን፣ ጣሪያው 2,000 ነው። የጽሑፍ ስምምነቱ ውሉ ውስጥ ተሸጉጦ ሊመጣ ስለሚችል ሳታነብ እንዳትፈርም።

ስለዚህ በደንብ ትጠይቅ። መሳቢያውን ከእኔ ሌላ ማን ይከፍታል? ማታ ሒሳቡ የሚዘጋው እኔ ባለሁበት ነው? ይህን ሰምቶ ፊቱን የሚያጠቁር ባለሱቅ ካለ፣ እኔ ብሆን እዚያ አልቀጠርም።

እንስሳ መውደዷ ጥሩ ነው። ግን ብር ተቀባይ ናት (ላሟን አታልባትም)። ይልቅ «ደንበኛ የቴሌብር መልእክት በራሱ ስልክ ቢያሳይሽስ?» ለሚል ጥያቄ ትዘጋጅ። ብሩ ሱቁ አካውንት መግባቱን ሳታረጋግጥ ዕቃ አትሰጥም። «ለጥጃዬ ስንት ልስጠው?» ለሚል ገበሬ መልሷ ደግሞ ወደ ባለሙያው መምራት ነው። አፋን ኦሮሞ የምትችል ከሆነ ቀድማ ትናገር፤ ጅማ ላይ ትልቅ ነጥብ ነው።

የሙከራ ጊዜ ካለም በጽሑፍ ይሁን፣ ከ60 የሥራ ቀንም አይበልጥም።