«ቤቱን ልቀቁ» ለማለት ስንት ቀን፣ በምን ምክንያት?

የክርክሩ ጭብጥ፦ የኪራይ ዘመኑ ሲያበቃ፣ ወይም ውሉ ጭራሽ በጽሑፍ ያልተደረገ ሲሆን፣ አከራይ ተከራዩን ለማስወጣት ምክንያቱን የሚገልጽ የሦስት ወር የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ መስጠት አለበት ወይስ የለበትም? «አለበት» የሚሉት በጅማ ቦሳ ቂጦ ተከራይተው የሚኖሩ መምህርት ናቸው፤ «የለበትም» የሚሉት ደግሞ በዚያው በጅማ፣ በሂርማታ ሰፈር በግቢያቸው አራት ክፍል ሠርተው የሚያከራዩ ጡረተኛ ናቸው።

መምህርቷ፦

ባለፈው ዓመት ሐምሌ ላይ ከግቢው ቧንቧ ሥር ልብስ ሳጥብ አከራዬ መጥተው «እስከ ወሩ መጨረሻ ክፍሉን ልቀቂልኝ» አሉኝ። ወሩ ሊያልቅ የቀረው አሥራ አንድ ቀን ነበር። ውዝፍ ኪራይ የለብኝም፣ ያበላሸሁት ንብረት የለም፣ ምክንያቱም አልተነገረኝም። ፍራሼን በላስቲክ ጠቅልዬ በባጃጅ ሳመላልስ ዝናቡ አላባራም፤ ልጄ ደብተሮቿን በጉያዋ ሸሽጋ ከኋላዬ ትከተል ነበር። መስከረም ሲጠባ ያ ክፍል ለሌላ ሰው በበለጠ ዋጋ መከራየቱን ሰማሁ።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ኪራይ ላልከፈለ ተከራይ እንኳ ጊዜ ይሰጣል፤ ውሉ የአንድ ዓመት ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ 30 ቀን፣ ከዚያ ካነሰ 15 ቀን፣ ይህንንም በስምምነት ማሳጠር አይቻልም። ታዲያ ዕዳውን ያልከፈለ ሰው 30 ቀን ሲያገኝ፣ በየወሩ ሳያዛንፍ የከፈለ ሰው በአሥራ አንድ ቀን የሚወጣበት ምክንያት ምንድን ነው? የመኖሪያ ቤት ኪራይን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውሉ በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብና ዘመኑም ከሁለት ዓመት እንዳያንስ በመደንገጉ ትልቅ እፎይታ ነው። ነገር ግን የሁለተኛው ዓመት የመጨረሻ ቀን መምጣቱ አይቀርም፤ ያን ቀን የልጅ ትምህርት ቤት፣ የሥራ ቦታና አዲስ ቤት የመፈለግ ድካም እንደ ድሮው በተከራይ ጫንቃ ላይ ነው። ሦስት ወር የምለውም አንድ የትምህርት ወቅት ለማስጨረስ ስለሚበቃ ነው።

ጡረተኛው፦

እህቴ፣ በሐምሌ ዝናብ በአሥራ አንድ ቀን ሰው ማስወጣት ነውር ነው፤ ይህን ለማለት ሕግ አያስፈልገኝም። ማስጠንቀቂያው በጽሑፍ ይሁን በሚለውም አልከራከርዎትም። የምቃወመው ሦስት ወሩንና ምክንያት የማቅረቡን ግዴታ ነው።

ትርፍ ቤት በአዋጅ ቁጥር 47/1967 የተወረሰውም በሐምሌ ነበር። አባቴ ያከራዩት የነበረው ቤት የመንግሥት ሲሆን ልጅ ነበርኩ፤ የቤታቸውን ቁልፍ ግን እስኪሞቱ ከኪሳቸው አላወጡም። እንዲህ ያለ ነገር ያየ ሰው «ቤትህን መልሰህ ለመውሰድ ምክንያትህን አስረዳ» ሲባል ደንግጦ ክፍሉን ቆልፎ ቢያስቀምጠው አይፈረድበትም። ክፍል በተቆለፈ ቁጥር ደግሞ የሚጎዳው ቤት ፈላጊው ነው።

ሂሳቡንም እንይ። እርስዎ የጠቀሱት የ2016ቱ የኪራይ አዋጅ የቅድሚያ ክፍያን ከሁለት ወር እንዳይበልጥ ወስኗል። ተከራዩ ማስጠንቀቂያው በደረሰው ዕለት «ለምወጣበት ቤት ምን አስከፈለኝ» ብሎ ቢያቆም፣ በእጄ ያለው ቢበዛ የሁለት ወር ኪራይ ነው፤ ሦስተኛው ወር ከነመብራቱ የእኔ ኪሳራ ይሆናል። ቆጣሪው ለግቢው አንድ ነውና ሂሳቡ በስሜ ነው የሚመጣው። እነዚያን ክፍሎች በዕቁብ ገንዘብ ነው ያቆምኳቸው፤ ጡረታዬ የማይደርስበትን የሚሸፍኑልኝም እነሱ ናቸው። የእኔን ዓይነቱን አከራይ ሕንፃ ካለው ባለሀብት ጋር በአንድ ሚዛን ማስቀመጥ ትክክል አይደለም።

መምህርቷ፦

ጋሼ፣ የሂሳቡ ነጥብ ልክ ነው፤ በመጀመሪያው ሐሳቤ አላየሁትም ነበር። መፍትሔው ግን ሦስት ወሩን መሰረዝ ሳይሆን በቅድመ ሁኔታ ማሰር ነው። ተከራዩ በማስጠንቀቂያው ጊዜ ኪራይ ካቋረጠ የፍትሐ ብሔሩ 30 ቀን ወዲያውኑ ይቁጠርበት፤ ያ ሲያልቅ የሦስት ወሩ ጥበቃ ይቅርበት። ያኔ በቅድሚያ የከፈለው ገንዘብ ለኪሳራዎ ይበቃል።

ምክንያትን በተመለከተ፣ ማንም ቢሮ ተቀምጦ የእርስዎን ምክንያት እንዲመዝን አልጠይቅም። ልጅዎ ከሩቅ ሊመለስ ይችላል፣ ጣሪያውን ሊቀይሩ ይችላሉ፤ አንድ መስመር ጽፈው ይፈርሙበት፣ ያ ይበቃል። የምጠይቀው ሌላ ነው፦ «ልጄ ሊገባበት ነው» ተብሎ የተለቀቀ ክፍል በስድስት ወር ውስጥ በበለጠ ዋጋ ለሌላ ከተከራየ፣ የወጣው ሰው ካሳ የመጠየቅ መብት ይኑረው።

ጡረተኛው፦

30 ቀኑ በወረቀት ላይ 30 ቀን ነው። አልወጣም ያለን ሰው በጉልበት ማስወጣት አልችልም፣ ልችልም አይገባም፤ ፍርድ ቤት ደግሞ ቀጠሮ በቀጠሮ ላይ ይደርባል። እንዲህ ያለው ክስ ተፋጥኖ የሚታይበት አጭር ሥርዓት አብሮ ካልተደነገገ በሐሳብዎ መስማማት አልችልም። ከተደነገገ ግን ሦስት ወሩን እቀበላለሁ።

ካሳውንም ቢሆን አልፈራውም፤ ሰው አስወጥቶ ዋጋ ለመጨመር ልጁን ሰበብ የሚያደርግ አከራይ ጠበቃው አይደለሁም። ስድስት ወሩ ግን ይረዝማል። ልጄ እመጣለሁ ብሎ ቢቀርብኝ ግማሽ ዓመት ባዶ ክፍል ይዤ ልቀመጥ? በቀድሞው ዋጋ ማከራየት እንደማያስጠይቀኝ በግልጽ ይጻፍ፤ እንዲያ ከሆነ እፈርማለሁ።