የድጋፍ ደብዳቤው ሐሙስ ይወጣል

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለአንድ የባዮሜዲካል ምርምር ፌሎሺፕ (ለተመራማሪ የሚሰጥ የገንዘብ ድጋፍ) አመልክቼ ነበር። ሳይንሱን ጽፌ የጨረስኩት በሦስት ሳምንት ነው። አንድ ገጽ የድጋፍ ደብዳቤ ለማስፈረም ግን አምስት ሳምንት ፈጀብኝ። ስሙን የማልጠራው መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት በሄድኩ ቁጥር "ሐሙስ ይወጣል" እባላለሁ። የትኛው ሐሙስ እንደሆነ የነገረኝ የለም። በመጨረሻ ራሴ ጽፌ፣ ራሴ አትሜ፣ ኮሪደር ላይ ጠብቄ አስፈረምኩት። ውስጡ "ተቋማችን አመልካቹ አብዛኛውን የሥራ ጊዜውን ለምርምር እንዲያውል ይፈቅዳል" ይላል። ኃላፊው ሳያነቡ ፈረሙ። እኔም እንዲያነቡት አልፈለግሁም። ቢያነቡት ኖሮ መቼ ይፈርማሉ!

ፌሎሺፑን አላገኘሁም። ያኔ "ሰው ስለሌለኝ ነው" ብዬ ዕድሌን አማረርኩ። አሁን ሳስበው ግን ገምጋሚው እኔ ብሆን ለራሴ አልሰጥም ነበር። ሳይንሱ ደካማ ሆኖ አይመስለኝም። በትብብር ለሚሠራ ምርምር ለብቻዬ ማመልከቴ ነው ጉዱ።

ዛሬ ወጣት ሐኪሞችና የላብራቶሪ ተመራማሪዎች "እስቲ ፕሮፖዛሌን እይልኝ" ይሉኛል። ሁሉም የሚያሳዩኝ የምርምር ዕቅዱን ነው። ደብዳቤዎቹን ያሳየኝ ሰው የለም። ሚዛኑ ያለው ግን እዚያ ነው። ለምሳሌ በአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት ሥር ያለው ፎጋርቲ ዓለም አቀፍ ማዕከል እንደኛ ባሉ አገሮች ለሚሠሩ ጀማሪ ተመራማሪዎች የሚሰጠውን ኬ-43 የሚባል ድጋፍ እንውሰድ። አመልካቹ ከሥራ ጊዜው 75 በመቶውን ለዚሁ እንዲያውል ይጠይቃል። ከአገር ቤትም ከአሜሪካም ሜንተር፣ ማለትም የሚመራው አንጋፋ ተመራማሪ፣ ያስፈልጋል። ገምጋሚዎች ደግሞ አመልካቹን፣ ራሱን የሚያሳድግበትን ዕቅድ፣ ምርምሩን፣ ሜንተሮቹንና ተቋሙን ለየብቻ ይመዝናሉ። ከአምስቱ አንዱ ብቻ ነው ሳይንሱ። ነጥቡ ከ1 እስከ 9 ሲሆን ጥሩው 1 ነው፤ እንደ ክፍል ደረጃ ማለት ነው።

75 በመቶ ማለት ከአምስቱ የሥራ ቀናት ወደ አራቱ ይጠጋል። አሁን በአንድ የማስተማሪያ ሆስፒታል የሚሠራ ሐኪም አስቡ። ጠዋት ዋርድ፣ ከሰዓት ማስተማር፣ በየሳምንቱ ተረኝነት አለበት። ደመወዙ ስለማያደርሰው ማታ ማታ የግል ክሊኒክ ይሠራል። ለዚህ ሰው አራት ቀን ነፃ ማድረግ ማለት ተረኝነቱን የሚሸፍን ሌላ ሰው መመደብ ነው። ይህን ማድረግ የሚችለው ዲኑ ወይም የክፍሉ ኃላፊ እንጂ አመልካቹ አይደለም። ያልተነበበ ደብዳቤ ይህን ቃል ሲገባ ገምጋሚው ይገባዋል። ስንቱን ዓይነት ደብዳቤ ሲያነብ የኖረ ሰው ነው።

(መንገዴን ልሳትና፣ አንድ ወዳጄ የማስገቢያ ሰዓቱ "5 ፒኤም" የሚል ሲያይ ከምሽቱ 5 ሰዓት መስሎት ነበር። ለካ በኛ አቆጣጠር 11 ሰዓት ነው። ስድስት ሰዓት ዘግይቶ ሲያስገባ ሲስተሙ ተዘግቷል። እስካሁን ሲቀልዱበት ይስቃል፤ ያን ማታ ግን አልሳቀም።)

የውጭ አጋር አፈላለጋችንም ከደብዳቤው አይሻልም። ቀኑ ሊያልፍ ሁለት ሳምንት ሲቀረው አንድ ኢሜይል ለአርባ ፕሮፌሰር ኮፒ ፔስት ይደረጋል። አንዳንዴ የሌላ ፕሮፌሰር ስም ሳይሰረዝ ይሄዳል። ከአርባው አንዱ ይመልሳል እንበል። "ከኢትዮጵያ ናሙና የሚፈልግ ፕሮጀክት አለኝ" ይላል። በደስታ እሺ እንላለን። ጥያቄው የሱ፣ ትንተናው የሱ ሆኖ እኛ ደም ቀድተን በበረዶ አሽገን ላኪዎች እንሆናለን።

አጋሩ የራሳችን ሰው ሲሆንስ? አሜሪካና አውሮፓ ያሉ ኢትዮጵያውያን ፕሮፌሰሮች ለብዙ ወጣት በር ከፍተዋል፤ ይህ አይካድም። ግን እነሱን "ጋሼ" ወይም "እትዬ" ብለን ነው የምናነጋግራቸው። ጋሼን ደግሞ "ጽሑፉ ሲወጣ የመጀመሪያው ስም የማን ነው?" ብሎ መጠየቅ ነውር ይመስላል። ናሙናው ማቀዝቀዣቸው ውስጥ ስንት ዓመት እንደሚቆይ መጠየቅ ደግሞ ድፍረት ነው። ስለዚህ ሳንጠያየቅ እንጀምራለን። ሳንጠያየቅ የጀመርነው ሥራ ሲያልቅ ነው ኩርፊያው የሚመጣው። ለፈረንጁ በኢሜይል የምንጽፈውን ጥያቄ ለጋሼ አፋችን ላይ እንውጠዋለን።

በዚህ ጉዳይ ከኢትዮጵያዊው ሳይንቲስት ከዶክተር አክሊሉ ለማ ታሪክ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ቢልሃርዚያን ሲያጠኑ ሰዎች ወንዝ ዳር በእንዶድ ልብስ ያጥባሉ። ከሚታጠብበት ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አዩ። የቢልሃርዚያ ተውሳክ ወደ ሰው ከመድረሱ በፊት የሚያድገው ቀንድ አውጣ ውስጥ ነው። ጥያቄው እዚያው ወንዝ ዳር ተወለደ፤ ማንም ከውጭ አልላከላቸውም። ከዶክተር ለገሰ ወልደ ዮሐንስ ጋር እ.ኤ.አ. በ1989 "ራይት ላይቭሊሁድ" የተባለውን ሽልማት እስኪቀበሉ ድረስ 25 ዓመት ደከሙበት። ቀጥሎ በአሜሪካ ኦሃዮ ቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ በተሠራ ሙከራ እንዶድ የውሃ ቱቦ የሚደፍኑ ባለ ዛጎል እንስሳትንም እንደሚገድል ታየ። ፓተንቱ፣ ማለትም የፈጠራ ባለቤትነት መብቱ፣ የተመዘገበው ለዩኒቨርሲቲው ነው። አድዋ ወንዝ ዳር ሲያጥቡ የነበሩት ሰዎች የትኛው አንቀጽ ውስጥ ይገቡ ይሆን? ለፌሎሺፕ ስናመለክት "ኢኖቬሽን" የሚለውን ቃል በየገጹ እንበትነዋለን። የፈጠራው ባለቤት ማን እንደሆነ ግን አንድ መስመር አንጽፍም።

ነገሩ አሁን ይበልጥ ከብዷል። ሚያዝያ 2017 ዓ.ም. የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ በኩል ለውጭ ተቋማት ገንዘብ የሚተላለፍበትን የቆየ አሠራር እንደሚያቆምና በሌላ እንደሚተካው አስታወቀ። እስከዚያ ድረስ ብዙዎቻችን የሒሳቡን ጣጣ ለአሜሪካው አጋር ትተን እፎይ ብለን ነበር። ብራስልስ ያለው የአውሮፓና የታዳጊ አገሮች የክሊኒካል ሙከራ ትብብርም ቢሆን ውሉን የሚፈርመው ከተቋም ጋር ነው። የአሜሪካ መንግሥት ድጋፍ የሚፈልግ ተቋም ደግሞ በአሜሪካ መንግሥት ሲስተም ተመዝግቦ ምዝገባውን በየዓመቱ ማደስ አለበት። ካልታደሰ የቱንም ያህል የረቀቀ ሳይንስ አይገባም። የይለፍ ቃሉን የሚያውቀው ሠራተኛ ሥራ ከለቀቀ ደግሞ አበቃ።

እኔ ከዩኒቨርሲቲዎቻችን የምጠብቀው ሕንፃ አይደለም። ምዝገባውን የሚያድስ፣ የናሙና ስምምነት የሚያነብ፣ ለምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴው ፋይል የሚያደርስ አንድ ጠረጴዛና ሁለት ሰው ይበቃል። ለስብሰባ አበልና ለባነር ማተሚያ የሚወጣው ገንዘብ ይህን ሳይሸፍን አይቀርም።

በቅርቡ አንዲት ወጣት ባልደረባዬ ለማመልከት ስትዘጋጅ ፕሮፖዛሏን ሳይሆን ስምምነቷን አሳየችኝ። አንድ ገጽ ናት። የጽሑፍ ስም ቅደም ተከተል፣ የናሙና ቆይታ፣ ከፈጠራው የሚገኝ ጥቅም አለበት። ውጭ ላለ አንድ አንጋፋ ተመራማሪ ልትልክላቸው ነው፤ እሷም ጋሼ ነው የምትላቸው። "ይቀየሙኝ ይሆን?" አለችኝ። ላኪው አልኳት። ለአራት ቀን ዝም አሉ። በአምስተኛው ቀን ሁለት ቦታ በቀይ አርመው መለሱላት። አንደኛው እርማት ናሙናው ከሁለት ዓመት በላይ እሳቸው ጋ እንዳይቆይ የሚል ነበር።