ከስልኩ ጋር የተወረሰው ቪፒኤን

ለገና አዲስ አበባ ገብቼ አራት ኪሎ እህቴ ቤት ነው ያረፍኩት። የ11 ዓመት ልጅ አላት። አንድ ማታ ቡና ተፈልቶ እየተጫወትን ሳለ ልጁ ስልኩን ይዞ መኝታ ቤት ገባ። ቆየብኝ። በሩን ስከፍት ደነገጠና ስልኩን ትራስ ስር ወሸቀው።

ያየሁትን አልዘረዝረውም። የወሲብ ቪዲዮ ነው፤ ያውም ጭካኔ ያለበት። አብሮት የሚማር ልጅ በቴሌግራም ሊንኩን ልኮለት ነው። አልጮህኩበትም። እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር። አጠገቡ ተቀምጬ ጀርባውን አሻሸሁት።

ስልኩን ሳገላብጥ ደግሞ ሁለት ቪፒኤን፣ ማለትም የተዘጋ ድረ ገጽን አልፎ የሚያስገባ መተግበሪያ፣ ተጭኖበት አገኘሁ። «ማን ጫነልህ?» አልኩት። «ድሮም ነበረበት እኮ ጋሼ፣ የእማዬ ስልክ ነው» አለኝ። እውነቱን ነው። በየካቲት 2015 ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ተገድበው ወራት ሲቆዩ፣ እህቴ እኔን ለማግኘት ብላ የጫነችው ነው። በኋላ አዲስ ስልክ ስትገዛ አሮጌውን ለልጁ ሰጠችው። ቪፒኤኑም አብሮ ተወረሰ።

ከዚያ ማታ ወዲህ ይህ ነገር ከአእምሮዬ አልወጣም።

እኔ የምኖረው አሜሪካ ነው። እዚያ ልጆችን ከእንዲህ ያለ ነገር ለመጠበቅ ኢንተርኔት ይገደብ ወይስ አይገደብ የሚለው ክርክር ኢንተርኔት ቤት ከገባበት ጊዜ ጀምሮ አላባራም። ኮንግረሱ እ.ኤ.አ. በ1996 ነውረኛ ነገርን በኢንተርኔት ለልጆች ማሰራጨትን የሚከለክል ሕግ አወጣ። በዓመቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዋና ዋና ክፍሎቹን ሻራቸው። ልጁን እጠብቃለሁ ብላችሁ የአዋቂውንም አፍ ዘጋችሁ ነው ያለው። በ2000 ደግሞ ሌላ ሕግ መጣ። የፌዴራል መንግሥትን የኢንተርኔት ድጎማ የሚቀበሉ ቤተ መጻሕፍት ኮምፒውተሮቻቸው ላይ ማጣሪያ እንዲጭኑ ያዛል። ትልቅ ሰው ግን ማጣሪያውን አንሱልኝ ብሎ መጠየቅ ይችላል። ይህኛውን ፍርድ ቤቱ በ2003 አጸናው። እኔ በጣም የምወደው ሕግ ነው። የሚዘጋው ለልጁ ብቻ ነው፤ አዋቂው ከፈለገ ይከፈትለታል።

በ2025 ደግሞ ፍርድ ቤቱ የቴክሳስን ሕግ 6 ለ 3 አጸደቀ። ከይዘታቸው ከሲሶ በላይ ለልጆች ጎጂ የወሲብ ነገር የሆነ ድረ ገጾች የጎብኚውን ዕድሜ ማረጋገጥ አለባቸው። ተቃዋሚዎቹ «መታወቂያችን ነገ ቢዘረፍስ?» ይላሉ። እኔ ግን አባት ነኝና ፍርዱን ስሰማ ደስ ብሎኝ ነበር። አዲስ አበባም ይህ ሕግ በመጣ ብዬ ተመኝቻለሁ።

አሁን ላይ ያን ያህል እርግጠኛ አይደለሁም።

እኛ አገር ሕግ ጠፍቶ አይደለም። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 29 ላይ ሐሳብን የመግለጽ ነፃነት ሰጥቶ፣ የወጣቶችን ደኅንነት ለመጠበቅ ሲባል በሕግ ገደብ ሊደረግ እንደሚችል ይናገራል። እዚያው ላይ ግን በሐሳቡ ይዘት ምክንያት መገደብ እንደማይቻል አስቀድሞ ያስጠነቅቃል። በወረቀት ላይ ሚዛኑ ደህና ነው። በተግባር ያየነው መዝጋት ግን ለልጅ ተብሎ አልነበረም። በሰኔ 2012 የአገሪቱ ኢንተርኔት ሲጠፋ ሦስት ሳምንት ገደማ እናቴን በቪዲዮ ማየት አልቻልኩም። ነጋዴውም፣ ተማሪውም፣ ሐኪሙም እኩል ነው የተዘጋበት።

እንዲህ ሲሆን ሰው መዝለል ይለምዳል። ልጅ ደግሞ እናቱን ያያል። የእህቴ ልጅ ቪፒኤን ምን እንደሆነ ያወቀው በስምንት ዓመቱ ነው። ቴክሳስም ቢሆን ቪፒኤን የሚጠቀም አይጠፋም። የእኛው የሚለየው ትልቁ ሰው ሁሉ ለደህና ጉዳይ ብሎ የተማረው መሆኑ ነው። አጥር መዝለሉን እኛ አስተማርነው።

ለዚህ ነው ነገ አንድ ባለሥልጣን «ለልጆች ስንል ድረ ገጾች እንዘጋለን» ቢል ሰው የማያምነው። በሰኔ 2010 መንግሥት ራሱ ተዘግተው የነበሩ 264 ድረ ገጾችን ከፈትኩ ብሎ አስታውቋል። ከመካከላቸው የዜናና የፖለቲካ ገጾች ነበሩበት። በብልግና የተጀመረ ዝርዝር በጋዜጣ እንደማያልቅ ማን ዋስ ይሆናል?

ልጅ ሳለሁ ፒያሳ በየጓሮው ቪዲዮ ቤት ነበር። ብሉ ፊልም የሚያሳዩም ነበሩበት። አንድ ቀን ከጓደኞቼ ጋር ሾልኬ ገባሁ። ጎረቤታችን የነበሩ አንድ አባት እንዴት እንዳወቁ እንጃ፣ ጆሮዬን ይዘው አውጥተው ለእናቴ አስረከቡኝ። ያን ዕለት ፊልሙን የሠራውንም ቪዲዮ ቤቱንም ማንም አልዘጋም። እኔ ብቻ ነኝ የወጣሁት። ያ ሰፈር በ2016 ፈርሷል፤ ጎረቤቱም በየኮንዶሚኒየሙ ተበትኗል። ቢኖርም ትራስ ስር ያለ ስልክ አይታየውም።

እህቴን አልፈርድባትም። «እንዴት ብዬ ላውራው? ነውር ነው» አለችኝ። አሜሪካ ልጄ የምትማርበት ትምህርት ቤት ወላጆችን ማታ ጠርቶ የልጅ ስልክ እንዴት እንደሚቆለፍ፣ ልጅን ምን ብለን እንደምናናግር አሳይቶናል። አንድ ሰዓት አልፈጀም። እህቴ ቤት አጠገብ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት አለ። ወጣቱ ሞልቶ ሲያነብ ሳይ ደስ ይለኛል። ቅዳሜ ቅዳሜ እናቶችን ሰብስቦ ይህን የሚያሳይ ሰው ቢገኝ ብዬ አጥብቄ ተመኘሁ።

በማግስቱ ከልጁ ጋር ብቻችንን ተነጋገርን። ያየው ነገር እውነተኛ ፍቅር እንዳልሆነ፣ ጥፋቱም የእሱ እንዳልሆነ ነገርኩት። ማታ ከእህቴ ጋር ስልኩን ለልጅ እንዲሆን አስተካከልነው፤ ፓስወርዱን እሷ ያዘችው። ቪፒኤኖቹንም አጠፋን።

ከእሷ ስልክም ላጥፋልሽ ብዬ እጄን ስዘረጋ ስልኩን ወደ ደረቷ ሳበችው። «ነገ ቢዘጋ በምን አገኝሃለሁ?» አለችኝ።