ቁልፉ ሚስማር ላይ ተሰቅሎ ቤት የለም ይሉናል

በስፔን፣ በካታሎኒያ ገጠር፣ ጋሪጌስ በሚባለው አውራጃ፣ አንዲት ትንሽ መንደር ሄጄ ከተመለስኩ ወዲህ እንቅልፍ የነሳኝ ነገር የተዘጋ ቤት ነው። ፈርሶ ሣር የበቀለበትን ማለቴ አይደለም፤ እሱም በሽ ነው። እኔ የምለው ጣሪያው ያላፈሰሰ፣ ግድግዳው በጥርብ ድንጋይ የታነጸ፣ መብራትና ውኃ የገባለት፣ በሩ ላይ ቁጥር የተለጠፈበት ደህና ቤት ነው። ከመንደሩ መግቢያ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ድረስ እንዲህ ያለ ቤት በተርታ ተቆልፎ አየሁ። እኔ ደግሞ ቤት በማጣት ብቻ ሚስቴንና ልጆቼን ማምጣት ያቃተኝ ሰው ነኝ። የምናገረው ከዚህ ቁጭት ውስጥ ሆኜ ነው።

የሄድኩት ለወይራ ለቀማ ነበር። አብሮኝ ወጥ ቤት የሚሠራ አንድ ያገሩ ልጅ የእናቱን ዛፎች የሚለቅምለት ሰው አጥቶ «ቅዳሜና እሁድ ብታግዘኝ ዘይት ይዘህ ትመለሳለህ» አለኝ። ጋሪጌስ ከባርሴሎና ወደ ዬይዳ ከተማ ሲኬድ የሚገኝ ደረቅ አገር ነው። ኑሮው አርበኪና በምትባል ደቃቅ የወይራ ፍሬ ላይ የቆመ ነው። ኅዳር ላይ መረብ ከዛፉ ሥር ይነጠፋል፣ ቅርንጫፉ እንደ ጠጉር ይበጠራል፣ የረገፈው ፍሬ በሣጥን ተሰብስቦ ሳይውል ሳያድር ወደ ገበሬዎቹ ኅብረት ሥራ ማኅበር መጭመቂያ ይሄዳል። እኛ ወይራን የምናውቀው ለጠላ ጋንና ለወተት ዕቃ ማጠኛ ነው። እነሱ አንዷን ፍሬ መሬት ላይ እንዳትቀር ጎንበስ ብለው ያነሷታል፤ ይህን ሳይ አባቴ አውድማ ላይ የተበተነ ጤፍ ሲያስጠርገን ትዝ አለኝ።

ሥራው አልከበደኝም፤ ያደግሁት ቢቸና አካባቢ አረም ሳርም፣ አጨዳ ሳጭድ ነው። የከበደኝ ጭር ማለቱ ነው። እኛ ዘንድ እንግዳ ሰው ገና ከመንደሩ ጫፍ ሲደርስ ውሻው ይጮኻል፣ ልጆቹ ይከተሉታል፣ አንዷ እናት ከደጃፏ ብቅ ብላ የማን ዘመድ እንደሆነ ትጠይቀዋለች፣ ሳይቀምስ አያልፍም። እዚያ ግን በጠራራ ቀን ዋናውን መንገድ ከዳር እስከ ዳር ሄድኩ፤ ያገኘሁት አንድ ድመት ብቻ ነው። ከማማው ላይ ደወል በየሰዓቱ ይደወላል፤ ደዋይ ግን የለውም፣ በኤሌክትሪክ ነው የሚሠራው። ከሰዓት በኋላ ብቅ ብቅ ያሉት ጥቂት ሽማግሌዎች ግን እንዴት ያሉ ሰዎች ናቸው! ከሩቁ «ቦና ታርዳ» ብለው እጃቸውን እያነሡ ነው የሚያልፉት። ከተማ ውስጥ አብሮኝ በአንድ አሳንሰር የሚወርድ ጎረቤት ዓይኔን ሳያየኝ ዓመት አልፎታል።

ይበልጥ የገረመኝ ሰው በሌለበት ያለው አገልግሎት ነው። አስፋልቱ ደጃፍ ድረስ ይደርሳል። ቧንቧው አይቋረጥም። ሐኪም በሳምንት የተወሰነ ቀን እየመጣ አረጋውያኑን እዚያው ያያቸዋል። ማታ የመንገድ መብራቱ ባዶውን ጎዳና ሲያበራ ያድራል። እኔ ያደግሁበት መንደር ክረምት ሲገባ መኪና አይገባውም፤ ምጥ የጠናባትን ሴት በቃሬዛ ተሸክመን ጭቃውን ስንማስን ነው ያደግነው። አልቀናሁም ብል ውሸት ነው። ያን መብራት እያየሁ፣ ያን ቧንቧ እያየሁ፣ ይህ ሁሉ ለማን ነው እያልኩ ነው የዋልኩት።

ቁልፎቹን ያየሁት ማታ ነው። የባልደረባዬ እናት ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው ሴትዮ ናቸው። በቲማቲም የታሸ ዳቦ ላይ የዚያኑ ቀን ዘይት አፍስሰው ካበሉን በኋላ ውኃ ልቀዳ ወደ ጓዳ ስገባ፣ ከበሩ ጀርባ አንድ ጣውላ ተሰቅሏል። ጣውላው ላይ ሚስማር በሚስማር ነው፤ በየሚስማሩ ቁልፍ ተንጠልጥሏል፤ በየቁልፉ ላይ የቤቱ ስም የተጻፈበት ካርቶን ታስሯል። እዚያ አገር ቤት ስም አለው፤ የቀጥቃጩ ቤት፣ የልብስ ሰፊው ቤት እየተባለ፣ ሰውም በመታወቂያ ስሙ ሳይሆን በቤቱ ስም ነው የሚጠራው። ሴትዮዋ ቆም ብዬ ሳይ አገኙኝና እያንዳንዱን እየነኩ ነገሩኝ፦ «ይኸኛው ባርሴሎና ነው የሚኖረው። ይኸኛው ታራጎና። ይኸኛው ሞቷል፣ ልጆቹ መስማማት አቃታቸው። እኔ አየር እንዲገባ መስኮቱን እከፍትላቸዋለሁ፤ በብርዱ ጊዜ ደግሞ ቧንቧው እንዳይፈነዳ ውኃውን እዘጋለሁ።»

ባለቤቶቹ መቼ እንደሚመጡ ጠየቅኋቸው። ለነሐሴ በዓል ነው፤ እኛ ፍልሰታ ስንጾም እነሱ የማርያምን ዕርገት በዳንስና በርችት ያከብራሉ። ከዚያ ደግሞ በኅዳር መግቢያ ለመቃብር ጉብኝት ብቅ ይላሉ። በቃ። የቀረውን የዓመቱን ጊዜ ቤቱ ለአይጥና ለሸረሪት ነው።

«ታዲያ ለምን አይሸጡትም? ለምንስ አያከራዩትም?» አልኩ። ሴትዮዋ የአባቷን ርስት ሽጪ እንደተባለች የጎጃም ሴት ነው ያዩኝ።

ነገሩ ሥር አለው። ካታሎኒያ ውስጥ ከጥንት ጀምሮ ቤትና መሬት ለአንድ ልጅ፣ አብዛኛውን ጊዜ ለበኩር ወንድ ልጅ ነበር የሚተላለፈው። ወራሹን «ኤረው» ይሉታል፤ ወንድ ከሌለ የመጀመሪያዋ ሴት ልጅ ትወርስ ነበር። ሕጉ ለልጆች ሁሉ በጋራ የሚያስጠብቀው የሀብቱን ሩብ ብቻ ነው። ታናናሾቹ ድርሻቸውን በገንዘብ ይዘው ወደ ፋብሪካ፣ ወደ ክህነት፣ ወደ ኩባ ይሄዱ ነበር። በዚህ ምክንያት መሬቱ አልተቆራረሰም፣ ቤቱም አልፈረሰም፤ ለዘመናት እንዳለ ቆየ። እኛ ዘንድ ደግሞ የእናትም የአባትም ወገን፣ ሴቱም ወንዱም እኩል ይካፈላል። ፍርዱ የኛ ይሻላል፤ በዚህ አልከራከርም። ግን ስንካፈል ስንካፈል፣ በላዩ ላይ በ1989 ዓ.ም. የክልሉ ድልድል መጥቶ፣ የአባቴ መሬት ለኔና ለወንድሞቼ ሲደርስ በሬ ማዞሪያ አጣን። እኛ ሰው ተርፎን መሬት አጥተን ተሰደድን። እነሱ መሬቱም ቤቱም እያለ ወራሹ ራሱ ጥሎት ሄደ።

ወራሹንስ ምን አስኬደው? ሴትዮዋ የልጅነታቸውን ውርጭ አነሡልኝ። በ1956 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፣ በየካቲት ወር፣ የመጣው ውርጭ የካታሎኒያን ወይራ ግንዱ እስኪሰነጠቅ ድረስ አቃጠለው። አባታቸው ዛፉን ከሥሩ ቆርጠው አዲስ እስኪያቆጠቁጥ ዓመታት መጠበቅ ነበረባቸው። የጠበቁት ቀሩ፤ መጠበቅ ያልቻሉት በባርሴሎና ዙሪያ ወዳሉት ፋብሪካዎች ወረዱ፤ የወረደውም አልተመለሰም። ድርቅ ከብቱን ጨርሶበት ወደ ከተማ የፈለሰ ሰው ላለን ለኛ ይህ እንግዳ ታሪክ አይደለም።

የወረዱበት አንዱ ከተማ እኔ የምኖርበት ኦስፒታሌት ነው። ኦስፒታሌት ከባርሴሎና ጋር የተጣበቀ፣ በአውሮፓ ሕዝብ ከተፋፈገባቸው ከተሞች አንዱ ነው። 12 ተኩል ስኩዌር ኪሎ ሜትር በማትሞላ ምድር ላይ ከ270 ሺህ በላይ ሰው ይኖራል። ጋሪጌስ ጠቅላላው አውራጃ ወደ 800 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ይሰፋል፤ ነዋሪው 19 ሺህ ገደማ ነው። ከአንዱ ወደ ሌላው በመኪና ሁለት ሰዓት አይፈጅም።

እኔ ኦስፒታሌት ውስጥ የምኖረው ከሦስት ሰዎች ጋር በምጋራው ቤት አንድ ክፍል ይዤ ነው። ለክፍሏ 450 ዩሮ እከፍላለሁ። መስኮቷ የሚከፈተው ወደ አየር ማስገቢያው ጉድጓድ ነው፤ በጠዋትም መብራት ካላበራሁ ጫማዬን አላገኘውም። ስፔን ቤተሰብ ለማምጣት የመኖሪያ ፈቃድህ መታደሱ፣ ገቢህ መብቃቱ ብቻ አይበቃም። የምትኖርበት ቤት ለቤተሰብ እንደሚሆን የሚመሰክር ወረቀት ማምጣት አለብህ። ደመወዜ በቃ፤ ፈቃዴም ታደሰ። ወረቀቱ ላይ ስደርስ የመጣው ባለሙያ ክፍሏን በሜትር ለካና ሄደ። መልሱ አይበቃም የሚል ነበር። ልክ ነው፣ አይበቃም! እኔም ልጆቼን እዚያ ማሳደር አልፈልግም። ግን ሙሉ ቤት ልከራይ ስል ደግሞ ቋሚ የሥራ ውል፣ የዋስ ደብዳቤ፣ የወራት ቅድሚያ ክፍያ ይጠየቃል፤ ሁሉን አሟልቼ ስደውል፣ አነጋገሬን ሲሰሙ ቤቱ አሁን ተያዘ ይሉኛል። ልጄ ሁለተኛ ክፍል ገብታለች። በስልክ ስታወራኝ «አባዬ፣ ቤቱን አገኘኸው?» ነው የምትለኝ፤ ሰላምታዋ ሆኗል።

ወደ መንደሯ ልመለስ። ትምህርት ቤት አላት። ገጠር ውስጥ ያሉ ትንንሽ ትምህርት ቤቶች በአንድ ቀጠና ተሰባስበው አስተማሪ ይጋራሉ፤ የሙዚቃውም የእንግሊዝኛውም መምህር ከመንደር መንደር እየዞረ ያስተምራል። አንደኛ ክፍልና አምስተኛ ክፍል አብረው ይቀመጣሉ። ግቢው ንጹሕ ነው፣ መወዛወዣ አለው፣ አሸዋ አለው። የሌለው ልጅ ነው። ሴትዮዋ እንዳሉኝ አንድ ሁለት ቤተሰብ ከወጣ ይዘጋል፤ ትምህርት ቤት የተዘጋበት መንደር ደግሞ ወጣት አይገባበትም። እኔ ይህን ስሰማ ደሜ ፈላ። እዚህ ልጅ ጠፋ ብለው ያለቅሳሉ፤ ሁለት ልጆቼ ደግሞ ቢቸና ቁጭ ብለው ይጠብቃሉ!

ይህን ችግር ተረድቶ እርምጃ የወሰደ ሰው አልጠፋም። ከካታሎኒያ ብዙም በማይርቀው በቴሩኤል፣ አጓቪቫ የምትባል መንደር ከንቲባ በ2000 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ትምህርት ቤቱ እንዳይዘጋ ብሎ ልጆች ያሏቸውን ቤተሰቦች ከአርጀንቲና ድረስ ጠራ፤ ሥራና ቤት እንሰጣለን አለ። በኋላ ሩማንያውያንም መጡ። ካታሎኒያ ውስጥ ደግሞ ጊሶና አለች፤ የእርሻና የሥጋ ማቀነባበሪያ ሥራ ስላላት ከነዋሪዋ ግማሽ ያህሉ ከውጭ የመጣ ነው፣ ዩክሬናውያን በብዛት። ሥራና ቤት ካለ ሰው ገጠር ይገባል ማለት ነው። አይመጡም የሚባለው ተረት ነው።

ከጋሪጌስ ጎን ዬይዳ አካባቢ በየበጋው ኮክና አፕል የሚለቅሙት ማን ሆነና? የሴኔጋል፣ የማሊ፣ የጋምቢያ ልጆች ናቸው። ብዙዎቹ ማደሪያ አጥተው ከተማው ውስጥ መንገድ ላይ ካርቶን አንጥፈው ይተኛሉ። በ2020 በኮሮናው ጊዜ ነገሩ በቴሌቪዥን ሲወጣ፣ ከሴኔጋላውያን ወላጆች እዚያው ካታሎኒያ የተወለደው እግር ኳስ ተጫዋች ኬይታ ባልዴ ገንዘቡን እኔ እከፍላለሁ ብሎ እንኳ ማደሪያ ለማግኘት ተቸግሮ ነበር። ቁልፎቹ ጣውላ ላይ ተሰቅለው፣ ለቃሚው አስፋልት ላይ። ይህን አስተካክሎ ማየት ያቃተው ማን እንደሆነ እስካሁን አልገባኝም።

ሰኞ ሳልመለስ በፊት ባልደረባዬ ከቁልፎቹ አንዱን አንሥቶ ባለቤቱ ዘንድ ደወለልኝ። ቤቱ ሦስት ክፍል አለው፤ ሄደን አየነው። ምድጃው እንዳለ ነው፣ አልጋዎቹ በአንሶላ ተሸፍነዋል። ባለቤቱ በትሕትና ነው ያናገረን። ለነሐሴ እንደሚፈልገው፣ የእናቱ ዕቃ ገና እንዳልወጣ፣ እንደሚያስብበት ነገረን። ባልደረባዬ «በዚህ አገር አስብበታለሁ ማለት አይሆንም ማለት ነው» አለኝ። እናቱ ግን ስልኩን ተቀብለው ሰውዬውን በካታላን ገሠጹት፤ ሁለት ልጆች፣ ትምህርት ቤት የሚሉትን ቃላት ሰማሁ። ከንቲባዋንም እንደሚያናግሩልኝ ቃል ገቡልኝ።

እስካሁን መልስ አልመጣም። ባልደረባዬም በየሳምንቱ ይደውላል። አንዳንድ ወገኖቼ «ገጠር ገብተህ ልትበሰብስ ነው ወይ? ሥራህስ?» ይሉኛል። ገበሬ ነኝ እኮ! ወይራ መልቀም፣ መግረዝ፣ ካብ መካብ አያቅተኝም፤ የጋሪጌስ ተዳፋት በደረቅ ድንጋይ የተካበ እርከን ነው፣ ብዙው የሚጠግነው አጥቶ እየተናደ ነው። በስፔን ገጠር፣ በተለይም በካታሎኒያ ወይም በአራጎን፣ ቤት ተከራይቶ ቤተሰቡን ያስመጣ ሐበሻ ካለ፣ ከባለቤቱ ጋር ምን ዓይነት ውል እንደተዋዋለና ለቤቱ ምስክር ወረቀት የት እንዳመለከተ ይጻፍልኝ። የምፈልገው ሦስት ክፍል ነው፤ ሁለት ቢሆንም እችላለሁ።