ትሩማን ፈረመ፣ ኮሪያ አስፈጸመች

በአሜሪካ ጦር ውስጥ ጥቁርና ነጭ ተለይቶ መሰለፍ መቼ ቀረ ሲባል፣ መልሱ ብዙ ጊዜ አንድ ነው። ጁላይ 26 ቀን 1948። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው።) ፕሬዚዳንት ሃሪ ትሩማን ትዕዛዝ ቁጥር 9981ን የፈረመው ያን ቀን ነው። ፊርማው ትልቅ ነገር ነው፣ አልክድም። ጥቁሩን ወታደር ከነጩ ጋር አንድ ምሽግ ውስጥ ያስገባው ግን ፊርማው አይደለም። የኮሪያ ጦርነት ነው። በግልጽ እንነጋገር ከተባለ፣ የነጭ ወታደር እጥረት ነው።

ትዕዛዙ እኩል አያያዝና እኩል ዕድል ይላል እንጂ፣ ተለይቶ መስፈር ይቅር የሚል ቃል የለውም። ጄኔራሎቹ ይህችን ቀዳዳ ወደዷት። የምድር ጦሩ ኤታማዦር ሹም ኦማር ብራድሌይ፣ ጦሩ የሚለወጠው የተቀረው የአሜሪካ ኅብረተሰብ ሲለወጥ ነው ባይ ነበር። የምድር ጦር ሚኒስትሩ ኬኔት ሮያልም ሲያንገራግር ቆይቶ በ1949 ከሥልጣን ወረደ። ጥቁሮች ከምድር ጦሩ 10 በመቶ እንዳይበልጡ የሚያግደው ኮታ የተነሳው በ1950 ነው። ያውም ትሩማን ያቋቋመው ኮሚቴ ወጥሮ ይዟቸው።

ኮታው በተነሳ በጥቂት ወራት ውስጥ ጦርነቱ ፈነዳ። ግንባር ከተላኩት አንዱ 24ኛው እግረኛ ሬጅመንት ነበር። ተራ ወታደሮቹ ጥቁሮች፣ የበላይ አዛዦቹ በአብዛኛው ነጮች። ጁላይ ላይ የቾን የምትባለውን ከተማ መልሰው ሲይዙ ጋዜጦች አወደሷቸው። ከዚያ ማፈግፈግ መጣ። ያን ሰሞን ነጮቹም ሸሽተዋል። ፈሪ የሚለው ስም የተለጠፈው ግን 24ኛው ላይ ነው።

መቶ አለቃ ሊዮን ጊልበርት በሁለተኛው የዓለም ጦርነትም የዘመተ ሰው ነው። ጁላይ 31 ቀን 1950 ሰዎችህን ይዘህ ወደ ለቀቃችሁት ቦታ ተመለስ ሲባል፣ ይሄማ ሞት ነው ብሎ እምቢ አለ። ጦር ፍርድ ቤት ሞት ፈረደበት። ትሩማን ቅጣቱን ወደ 20 ዓመት እስር ዝቅ አደረገለት። አዎ፣ ያው 9981ን የፈረመው ትሩማን። ሌሎች ብዙ ጥቁር ወታደሮችም በተመሳሳይ ክስ ተፈረደባቸው። የጥቁሮች መብት ተሟጋቹ ጠበቃ ተርጉድ ማርሻል በ1951 መጀመሪያ ጃፓንና ኮሪያ ድረስ ሄዶ መዝገቡን አገላበጠ። ዕድሜ ልክ የተፈረደባቸው ሰዎች ችሎት አንድ ሰዓት እንኳ ያልሞላበት ጊዜ ነበር።

ከዚያው ከፈሪው ሬጅመንት ዊሊያም ቶምሰን የሚባል ወታደር ደግሞ፣ ጓዶቹ እንዲያመልጡ መትረየሱን ይዞ ወደ ኋላ ቀርቶ ሞተ። ከሞተ በኋላ የአገሪቱን ከፍተኛ ሜዳይ ሰጡት።

በዚህ መሃል የነጮቹ ክፍሎች ሳሱ። የሞተውንና የቆሰለውን የሚተካ ነጭ ጠፋ። በሌላ በኩል የት እንደሚመደቡ ግራ ያጋቡ ጥቁር ምልምሎች ተከማችተዋል። ሰው ያለቀበት አዛዥ ቀለም አያማርጥም። የዋሽንግተንን ፈቃድ ሳይጠብቁ በነጭ ሻምበሎች ውስጥ የመደቧቸው አዛዦች ነበሩ። የተፈራው ነገር አልመጣም። አብረው በሉ፣ አብረው ተዋጉ። የኮሪያው ጦር የበላይ አዛዥ ጄኔራል ማቲው ሪጅዌይ በሜይ 1951 ጥቁርና ነጭ ለመቀላቀል በይፋ ፈቃድ ሲጠይቅ ነገሩ መሬት ላይ ተጀምሯል። 24ኛው ሬጅመንት ኦክቶበር 1 ቀን 1951 ፈረሰ።

የጦሩ የራሱ ታሪክ ጸሐፊዎች በ1996 ባወጡት ጥናት፣ ለሬጅመንቱ ድክመት ተጠያቂው የዘር ክፍፍሉ ነው አሉ። ወታደርና አዛዥ የማይተማመኑበት ጦር እንዴት ይዋጋል? ልክ ናቸው። ብቻ ይህንን ለመናገር 46 ዓመት ፈጀባቸው።

የሪጅዌይ ጥያቄ የቀረበበት ሜይ 1951 ለእኛም ባዕድ አይደለም። የመጀመሪያው ቃኘው ሻለቃ ፑሳን የደረሰው በዚያው ወር ነው። ልጆቻችን በአሜሪካ 7ኛ ክፍለ ጦር፣ በ32ኛው ሬጅመንት ሥር ተመደቡ። የሚያዟቸው የራሳቸው መኮንኖች ነበሩ። ለብቻቸው የተሰለፉት የሌላ አገር ጦር ስለሆኑ ነው። የ24ኛው ልጆች ለብቻቸው የተሰለፉት ግን በገዛ አገራቸው ጦር ውስጥ ነው። ስለ ቃኘው ስናወራ አንድም ሰው አልተማረከም እንላለን፣ እሰየው። የ24ኛውን ልጆች ታሪክ ግን አናነሳም።

በሕይወት የቀሩት ኮሪያ ዘማቾቻችን ጥቂት ናቸው። ቃለ መጠይቅ የምታደርጉላቸው ጋዜጠኞች፣ እባካችሁ ስለ ተኩሱ ብቻ አትጠይቋቸው። ከጥቁር አሜሪካዊ ወታደር ጋር ተገናኝተው እንደሆነ ጠይቋቸው። ያ ወታደር፣ ጥቁር መኮንን የጥቁሮችን ሻለቃ ጦር ሲያዝ አይቶ ምን እንዳላቸውም ጠይቋቸው።