የተደበቀው ሽጉጥና መደበቅ ያቃተው ባለቤቱ

ወዳጄ ሽጉጥ በልብሱ ሥር ይዞ እንዲንቀሳቀስ ሕግ የፈቀደለት፣ ሥልጠናውን በወጉ የጨረሰ፣ በጠባዩም ጉንዳን ሲረግጥ ይቅርታ የሚጠይቅ ሰው ነው። ፈቃዱን በያዘ ማግስት ምን ዓይነት ሽጉጥ ቢገዛ እንደሚሻለው ሲያማክረኝ፣ ጥያቄው የምር መስሎኝ ትንሽ፣ ቀላልና አዲስ ይሁን አልሁት። እርሱ ግን ልቡ ቀድሞ ሸፍቶ ኖሯል፤ ከእኔ የፈለገው ምክር ሳይሆን ምስክር ነበር። በሳምንቱ ይዞት የመጣው ጆን ብራውኒንግ የነደፈውን፣ የአሜሪካ ጦር እ.ኤ.አ. በ1911 ተቀብሎ እስከ 1985 ድረስ በመደበኛነት የታጠቀውን፣ መጠሪያውንም ከዚያው የመጀመሪያ ዓመት የወሰደውን ሽጉጥ ነው።

«ሁለት የዓለም ጦርነት ያየ ነው» አለኝ እጀታውን እየዳበሰ።

«አንተ የምትሄደው ግን ወደ ጥርስ ሐኪም ነው» አልሁት።

ሽጉጡ ጥይት ሳይጎርስ 1.1 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል፤ ካዝናው የሚይዘው 7 ጥይት ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 ለገበያ የቀረበው ሲግ ፒ365 የተባለ ትንሽ ሽጉጥ ደግሞ ግማሽ ኪሎ ያህል ሆኖ 10 ይይዛል። እንግዲህ ወዳጄ ገንዘቡን አውጥቶ ሸክሙን እጥፍ አደረገ፣ ጥይቱን ደግሞ በሦስት ቀነሰ ማለት ነው። ይህንን ስሌት ባቀርብለት «የሚያስፈልገው አንድ ነው፤ አንዱም 11.43 ሚሊ ሜትር ነው» ሲል መለሰልኝ። የሚያስፈልገው አንድ ከሆነ ስድስቱን ምን ቤት ናችሁ ብሎ እንደሚሸከማቸው ግን አላብራራልኝም።

ሽጉጡ ወገቡ ላይ በዋለ በመጀመሪያው ቀን ሱሪው ወደ ቀኝ አዘነበለ። በሁለተኛው ቀን ቀበቶው ተለወጠና የጭነት ማሰሪያ የመሰለ፣ ሁለት ድርብ ቆዳ ተሰፍቶበት የማይታጠፍ ቀበቶ ገዛ። ከዚያም የቆዳው አፎት ከሱሪው ውስጥ ስለሚገባ ሱሪዎቹ ሁሉ በአንድ ቁጥር እንዲሰፉ ግድ ሆነ፤ ሱሪው ሲሰፋ ሸሚዙ ከላይ መለቀቅ፣ ሸሚዙ ሲለቀቅ ኮት መደረብ፣ ኮቱ በሙቀት ሲደረብ ማላብ መጣ። ላቡ ደግሞ የራሱን ጣጣ አስከተለ፤ የጥንቱ ሰማያዊ ቅብ ብረት ላብ ሲነካው ያለ ርኅራኄ ይዝጋልና፣ ወዳጄ ማታ ማታ ራቱን ከመቅረቡ በፊት በዘይት በራሰ ጨርቅ ሽጉጡን ሲያብስ ታገኙታላችሁ። ጠባቂ ልግዛ ብሎ የወጣ ሰው የሚጠበቅ ገዝቶ ተመለሰ።

ሐሰት እንዳልናገር፣ ነገሩ ሁሉ ሞኝነት አይደለም። አንድ ቀን ወደ ተኩስ መለማመጃው ይዞኝ ሄዶ አስተኮሰኝ። ምላጩ እንደ ብዙዎቹ ሽጉጦች በዘንግ ላይ እየዞረ የሚመጣ ሳይሆን ቀጥ ብሎ ወደ ኋላ የሚሄድ፣ አጭርና ለስላሳ ነው፤ ጣት ሳያስበው የሚጨርሰው ሥራ ነው። ጥይቶቹ በካዝናው ውስጥ በአንድ ረድፍ ስለሚደረደሩም ከብዙ ዘመናውያን ይልቅ ቀጠን ብሎ ወገብ ላይ ይለጠፋል። በክብደቱ ምክንያት ርግጫው የተፈራውን ያህል አልነበረም። ወዳጄ ፊቴን እያየ ፈገግ ሲል፣ በሙግት የተሸነፍሁት በዚያች ቅጽበት ብቻ መሆኑን ለራሴ መዝግቤያለሁ።

ሙግቱ ወዲያው ነፍስ ዘራ እንጂ። ይህ ሽጉጥ ለአፋጣኝ አገልግሎት የሚያዘው ጥይት ጎርሶ፣ ከኋላ ያለችው መምቻ ወደ ኋላ ተስባ፣ በአውራ ጣት በምትነቀል መቆለፊያ ተቆልፎ ነው። ሌላ መጠበቂያ ደግሞ በእጀታው ጀርባ ላይ አለች፤ መዳፍ ጨብጦ ካልተጫናት ምላጩ አይሠራም። ለሚያውቀው አስተማማኝ አያያዝ ነው፤ ለማያውቀው ግን ያች ወደ ኋላ የተሳበች መምቻ ሊነክስ አፉን የከፈተ አውሬ ትመስላለች። የወዳጄ ባለቤት ባየችው ጊዜ ከዚህ ዓይነት ነገር ጋር በአንድ ጣራ ሥር እንደማታድር አስታወቀች። ስለዚህ ጥይቱ በካዝና ብቻ እንዲሆን፣ ክፉ ቀን ሲመጣ ግን በሁለት እጁ ስቦ እንዲያጎርስ ተስማሙ። ስምምነቱ ከጸደቀ በኋላ ወይዘሮዋ ጥቂት አሰብ አድርጋ «ለመሆኑ ሌባውን ‘አንድ ጊዜ ታገሠኝ’ ልትለው ነው?» ብላ ጠየቀችው።

በሽታው ደግሞ የእርሱ ብቻ አይደለም። በእርሱ በኩል ከተዋወቅኋቸው መካከል አንዱ የ1931ን ዋልተር ፒፒኬ የሚይዝ ሲሆን፣ በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ መካከል ሁልጊዜ ፕላስተር አይጠፋም፤ ሽጉጡ ሲተኮስ የላይኛው ብረት ወደ ኋላ ተመልሶ ይዞ የሚነክሰው እዚያ ነው፤ እርሱ ግን ንክሻውን እንደ ማዕረግ ያሳያል። ሌላው ሰው ደግሞ፣ ያው ብራውኒንግ እ.ኤ.አ. በ1926 ከሞተ በኋላ ዲዩዶኔ ሴቭ የተባለ ነዳፊ የፈጸመውንና በ1935 አገልግሎት ላይ የዋለውን 13 ጎራሽ ሃይ ፓወር ይዞ፣ የቤልጂጉ ፋብሪካ ማምረቱን በ2018 ስላቆመ እስካሁን ከሐዘን አልወጣም። አንድ ሽማግሌ ደግሞ የ1903 ኮልት አላቸው። ይህ ሽጉጥ በእንግሊዝኛ ስሙ «መምቻ የለሽ» ቢባልም መምቻው በላይኛው ብረት ውስጥ ተሸሽጎ በሰላም ተቀምጧል። በእኔ አስተያየት በዚያ ማኅበር ውስጥ መደበቅ ምን ማለት እንደሆነ የገባው እርሱ ብቻ ነው። ከሁሉም የማከብረው ግን ትንሿን ባለ አምስት ጥይት ሪቮልቨር የሚይዘውን ነው፤ የሚረሳ መቆለፊያ የለባት፣ አንዱ ጥይት ቢከሽፍ ምላጩን ደግሞ መሳብ ብቻ ነው፤ ሰውዬውም ስለ እርሷ ሲያወራ ሰምቼው አላውቅም።

የቀሩት ግን ያወራሉ። ምሥጢሩም ያለው እዚህ ላይ ይመስለኛል፦ አዲሱን የፕላስቲክ ሽጉጥ የያዘ ሰው የሚተርከው ታሪክ ስለሌለው ዝም ብሎ ይደብቀዋል፤ አሮጌውን የያዘ ግን ጦርነቱን፣ ነዳፊውን፣ የብረቱን ቅብ ወገቡ ላይ አስሮ አፉን ዘግቶ መዋል አይችልም። ወዳጄ በፊት ሰዓት ሲጠየቅ የእጅ ሰዓቱን ያይ ነበር፤ አሁን ኮቱን ገለጥ አድርጎ ከውስጥ ኪሱ ስልክ ይፈልጋል። መደርደሪያ ላይ ያለ ነገር እንዲያወርድለት ማንም ባይለምነውም ይንጠራራል። የሽጉጡ አሮጌ ማነጣጠሪያ የሰናፍጭ ቅንጣት እንደሚያህልና ያለ መነጽር እንደማይታየው፣ አፉ የተቦረቦረ አዲስ ጥይት ሲያጎርሱት እንደ ሕፃን እንደሚተፋና ድቡልቡሉን ብቻ እንደሚወድ ግን ለማንም ትንፍሽ አይልም። ምሥጢር አድርጎ የያዘው ይህንን ብቻ ነው።

ባለፈው በአንድ ወዳጃችን ቤት ግብዣ ተጠርተን ሄድን። ወዳጄ በተለመደው አኳኋን ወደ ቀኝ ዘንበል ብሎ፣ ወንበር ላይ ሲቀመጥም በግራ ጎኑ ብቻ ተደግፎ ሲቁነጠነጥ፣ የቤቱ ታናሽ ልጅ አጠገቡ መጥታ ለረጅም ጊዜ አየችውና «ጋሼ፣ ወገብዎን ያምዎታል?» አለችው። ወሬው ሁሉ ቀጥ አለ። ወዳጄ ዐይኑን ወደ ባለቤቱ ላከ፤ የባለቤቱ ዐይን ግን ምንም የሚያጽናና ነገር አልነበረበትም።

«አዎ ልጄ» አለ በመጨረሻ፤ «ወገቤን ነው።»

ሽጉጡ ከተገዛ ወዲህ በእውነት ተደብቆ የዋለው ያን ቀን ብቻ ነው። የባለቤቱ እናት ትራስ አምጥተው ከጀርባው ደገፉለት፤ ግራና ቀኝ የተቀመጡት ሁሉ የሚያውቁትን ወጌሻ፣ ቅባትና የሰውነት እንቅስቃሴ ያዙለት ጀመር። አሮጊቷም በርኅራኄ ጎንበስ ብለው «ለመሆኑ ልጄ፣ ከመቼ ጀምሮ ነው የያዘህ?» ሲሉት፣ እኔ «ከ1911 ጀምሮ» ልል አፌን ስከፍት በጠረጴዛው ሥር እግሬን ረገጠኝ።