ሽፈራው እያለ ሐኪም ምን ያደርጋል!

ሰሞኑን የቤተሰባችን የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ ያ የሽፈራው (የሞሪንጋ ቅጠል) ዱቄት ማስታወቂያ ቪዲዮ እንደገና ተለቀቀ። እናንተም ጋ ሳይደርስ አልቀረም። መቼም ምስጋና ይገባቸዋል፤ ሐኪም ስንት ዓመት ተምሮ ያልደረሰበትን በአንድ ደቂቃ ጨርሰውታል።

የሻጩን ጥበብ እዩልኝ። ዕቃው ውስጥ ሽፈራው፣ ጥቁር አዝሙድ፣ ዝንጅብልና ቀይ ሥር ተፈጭቶ አለ። «አንቲኦክሲደንቱ፣ ማለትም ሴልን ከጉዳት የሚጠብቀው ንጥረ ነገር፣ ከፍተኛ ነው» ይላል። ከምን ከፍተኛ? አይጠየቅም። ለጨጓራ ነው፣ ለሪህ ነው። ለደም ግፊትም ነው፤ ዝቅ ያለውን ከፍ፣ ከፍ ያለውን ዝቅ ያደርጋል፣ የትኛው እንዳለብህ ዱቄቱ ራሱ ያውቃል። ወፍራሙን ያከሳል፣ ቀጭኑን ያወፍራል፣ ባልና ሚስት አብረው ቢጠጡት መሃል መንገድ ላይ ይገናኛሉ። ለራሰ በራ ፀጉር ያበቅላል (ሻጩ ራሱ ኮፍያ አድርጓል፣ ብርድ ይሆናል)። ትምህርት ለማይገባው ልጅ ማታ ማታ ሁለት ማንኪያ። ቪዲዮው ትንሽ ረዘም ቢል የኮንዶሚኒየም ዕጣም ያወጣልን ነበር።

የሚያሳዝኑኝ ኮንሶዎች ናቸው። ከጥንት ጀምሮ ቅጠሉን እንደ ጎመን ቀቅለው ከማሽላ ጋር ሲበሉ፣ ጓሯቸው ፋርማሲ መሆኑን የነገራቸው የለም።

ቅጠላ ቅጠል ጥሩ ነው፣ ማን ጠላው? አንቲኦክሲደንት ጎመንም፣ ካሮትም፣ የምንጠጣው ቡናም ውስጥ አለ። ግን ከምግቡ ነጥሎ ማብዛት ሌላ ጣጣ አለው። ፊንላንድ ውስጥ 29 ሺህ ገደማ አጫሾች የተሳተፉበት ጥናት ነበር። ገሚሶቹ ካሮትን ብርቱካናማ የሚያደርገውን፣ ቤታ ካሮቲን የተባለውን አንቲኦክሲደንት በቀን 20 ሚሊ ግራም ዋጡ፣ ከሳንባ ካንሰር ይጠብቃል ተብሎ። እ.ኤ.አ. በ1994 ውጤቱ ሲወጣ የዋጡት ላይ የሳንባ ካንሰሩ በ18 በመቶ በልጦ ተገኘ። ምስኪን ተመራማሪዎች! የኛ ግሩፕ ውስጥ ቢሆኑ ኖሮ ያን ሁሉ ዓመት ምን አደከማቸው?

አንድ ነገር ግን ያለ ቀልድ ልናገር። የስኳር ሕመም ያለባትን እናት «መርፌውን ተይው፣ ይሄ ተፈጥሮ ነው» የምትሉ ሰዎች፣ ነውር ነው! ኢንሱሊን ግድ የሆነበት ሰው ካቋረጠ በቀናት ውስጥ ራሱን ሊስት፣ ሊሞትም ይችላል። ደም እንዳይረጋ የሚሰጠውን ዋርፋሪን የሚወስደውም ሰው ቅጠሉን በድንገት ቢያበዛው፣ ቫይታሚን ኬው መድኃኒቱን ያዳክምበታል። ያኔ ሻጩ ስልክ አያነሳም። ቪዲዮውን የላከችው አክስትም «እኔ እኮ ያገኘሁትን ነው የላክሁት» ነው የምትለው።

ለማንኛውም ማዘዝ የምትፈልጉ ፍጠኑ። ሁለት ለገዛ ሦስተኛው በነፃ ነው፤ እሱ ደግሞ ለኩላሊት ነው።